ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ምክንያት፦ የአለርጂ ደም ምርመራ ሂሳቦችን የማቃናት ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ዛሬ ሂሳቦቹን የማቃናቱን ሥራ ጀመርኩ። የምሠራው በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አነስተኛ የአለርጂና የአስም ክሊኒክ ሲሆን፣ ኃላፊነቴ ሐኪሙ የጻፉትን መዝገብ አንብቤ ወደ ኮድ መለወጥና የክፍያ ጥያቄውን ለኢንሹራንስ መላክ ነው። ባለፉት ጥቂት ወራት ከላክናቸው የአለርጂ ደም ምርመራ ሂሳቦች መካከል 37ቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሳይከፈሉ ተመልሰዋል። እስካሁን የተመለሰውን አንድ በአንድ እያነሳን፣ የጎደለውን ሞልተን እንደገና እንልክ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል። አሁን ግን 37ቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ስህተቱ የተፈጠረው በሐኪሙ ክፍል፣ በላቦራቶሪው ወይስ በእኔ እጅ እንደሆነ ለይቼ ለማወቅ፣ ከዚያም የማዘዣ ቅጹን ከሥር መሠረቱ ለመለወጥ ፈቃድ አግኝቻለሁ።

ሥራውን የሚቀጥልልኝ ሰው ቢኖር እንዲጠቅመው የምርመራውን ነገር ከመነሻው ላስቀምጥ። የአለርጂ ምላሽን የሚያስነሳውና አይ ጂ ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሁለት ቡድኖች ተለይቶ የታወቀ ነው። አንዱ ቡድን በዴንቨር ይሠሩ የነበሩት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ኪሚሺጌ እና ቴሩኮ ኢሺዛካ፣ ሌላው በስዊድን ኡፕሳላ የነበሩት ጉናር ዮሐንሰን እና ሃንስ ቤኒች ሲሆኑ፣ ስያሜው በዓለም ጤና ድርጅት የጸደቀው በ1968 ነው። የእኛ ላቦራቶሪ የሚሠራው ምርመራ በታካሚው ደም ውስጥ ለአንድ የተለየ ነገር፣ ለምሳሌ ለኦቾሎኒ፣ ለድመት ወይም ለኦክ ዛፍ ብናኝ የተዘጋጀ አይ ጂ ኢ መኖሩንና መጠኑን ይለካል። ውጤቱ በኪሎ ዩኒት በሊትር ይጻፋል፤ ለብዙ ዓመታት እንደ መለያ መስመር ያገለገለው ቁጥር 0.35 ሲሆን፣ የአሁኖቹ መሣሪያዎች እስከ 0.10 ዝቅ ብለው ይለካሉ።

በሂሳብ በኩል የሚያስፈልጉን ኮዶች ጥቂት ናቸው። 86003 ከነገሩ በወጣ ያልተጣራ ጭማቂ ለእያንዳንዱ አለርጂ አምጪ ነገር የሚደረገው ልኬት ነው። 86008 በ2018 የተጨመረ ሲሆን፣ ከአንድ ምግብ ወይም ብናኝ ውስጥ ተለይቶ ለወጣ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን ያገለግላል። 86005 የብዙ ነገሮች ድብልቅ በአንድ ላይ የሚጣራበት ሲሆን መልሱ አለ ወይም የለም ብቻ ነው። 82785 ደግሞ የጠቅላላው አይ ጂ ኢ መጠን ነው።

በእኔ እምነት የችግሩ ሥር በ86003 ፍቺ ውስጥ ያለችው «እያንዳንዱ» የምትል ቃል ናት። ነርሷ የምትቀዳው ደም አንድ ብልቃጥ ነው፤ ሐኪሙ በቅጹ ላይ «የምግብ ፓነል» (በአንድ ላይ የሚታዘዝ የ24 ምግቦች ምርመራ) በሚለው ሳጥን የሚያደርጉት ምልክት አንድ ነው፤ እኔ ለኢንሹራንስ የምልከው ቁጥር ግን 24 ነው፤ ኢንሹራንሱም የሚጠይቀው የ24ቱንም ምክንያት ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

37ቱን በተመለሱበት ምክንያት ከፋፈልኳቸው። 17ቱ ሲኦ-50 የሚል ኮድ ይዘው መጥተዋል፤ ይህም አገልግሎቱ በሕክምና አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው። 8ቱ ሲኦ-151 ናቸው፦ የቀረበው መረጃ ይህን ያህል ብዛት አይደግፍም። 5ቱ ሲኦ-16፣ ማለትም መረጃ የጎደላቸው ናቸው። የቀሩት 7 የተለያዩ ናቸው።

ቀላሎቹን አስቀድሜ ጨረስኩ። ከአምስቱ ሲኦ-16 ሦስቱ ኤምኤ120 የሚል ተጨማሪ ምልክት ነበራቸው፤ ሲኤምኤስ-1500 በተባለው የክፍያ መጠየቂያ ቅጽ በ23ኛው ሳጥን መጻፍ የነበረበት የክሊያ ቁጥራችን አልተጻፈም። ክሊያ በ1988 በወጣው ሕግ መሠረት በሰው ደም ላይ ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ሁሉ ሊኖረው የሚገባ ምስክር ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ከሌለ ኢንሹራንሱ ምርመራውን ማን እንደሠራው አያውቅም። በሁለቱ ደግሞ ያዘዙት ሐኪም ኤንፒአይ የተባለው መለያ ቁጥር በ17ኛው ሳጥን ሥር አልገባም። አምስቱንም አርሜ መልሼ ላክሁ። ይህ የእኔ ጉድለት ስለሆነ፣ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ባዶ ሆነው ሂሳብ እንዳይወጣ ሥርዓቱ እንዲከለክል አደረግሁ።

እግረ መንገዴን ለፊት ጠረጴዛ ባልደረቦቼ አንድ ነገር አስረዳሁ። ከቁጥሩ በፊት ያሉት ሁለት ፊደላት ከቁጥሩ እኩል ክብደት አላቸው። ሲኦ ሲል ልዩነቱ ክሊኒኩ የሚሸከመው ነው፤ ፒአር ሲል ግን ታካሚው የሚከፍለው ነው። ሲኦ-50 ይዞ የመጣን ሂሳብ ለታካሚ ደብዳቤ አድርጎ መላክ አይገባም። ቋንቋው የሚከብዳቸው ብዙ ወገኖቻችን ቤታቸው የደረሰን ደብዳቤ ሁሉ እንደ ዕዳ ቆጥረው ሳይጠይቁ ይከፍላሉና ይህን ደጋግሜ መናገሬ አይቀርም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 11

ከአስፈላጊነት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ምክንያት በሲኦ-50 ክምር ውስጥ ተደብቆ አገኘሁ። በአራት ሂሳቦች ላይ የአገልግሎቱ ቀን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ነው፤ ታካሚዎቹ ግን በእነዚያ ቀናት ክሊኒክ አልመጡም። ላቦራቶሪያችን መሣሪያውን የሚያስነሳው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ የሚወስደው ምርመራው የተሠራበትን ቀን ነው። ደንቡ ግን በመርሕ ደረጃ የላቦራቶሪ ምርመራ ቀን ደሙ የተቀዳበት ቀን ነው ይላል። ኢንሹራንሱ መዝገቡን ሲጠይቅ የሐሙስን ማስታወሻ ይፈልጋል፣ እኛም የለንም፣ ስለዚህ አስፈላጊነቱ አልተረጋገጠም ይባላል። ቀኑ ከደም ቀጂዋ ፊርማ እንዲወሰድ አስተካክለናል።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ሦስት ቀን ሙሉ መዝገብ ሳነብ ቆየሁ። ሲኦ-50 እና ሲኦ-151 የያዙትን 25 ሂሳቦች ከሐኪሙ ማስታወሻ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ለእያንዳንዱ የተመረመረ ነገር በማስታወሻው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማግኘት ሞከርኩ። ያገኘሁበትን በአረንጓዴ፣ ያላገኘሁበትን በቀይ ቀባሁ። ወረቀቶቹ ቀይ ሆኑ።

አንዱን ለአብነት ልውሰድ። የአራት ዓመት ሕፃን ኦቾሎኒ ያለበት ብስኩት በበላ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከንፈሩ አብጦ፣ መላ ሰውነቱ በሽፍታ ተሸፍኖ፣ አስታውኮ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ማስታወሻው ይህን በሚገባ ይተርካል፤ ስለ ኦቾሎኒ ማንም ጥያቄ ሊያነሳ አይችልም። ከማስታወሻው መጨረሻ ግን «የምግብ ፓነል ይታዘዝ» ይላል፣ ፓነሉም 24 ነገር ይዟል፦ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ኮድ የተባለው ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ሰሊጥ እያለ ይቀጥላል። ሕፃኑ እነዚህን በልቶ ምን እንደሆነ፣ ጨርሶ በልቶ ያውቅ እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም።

ከሥራ በኋላ ሐኪሙን አነጋገርኳቸው። «ዶክተር፣ የሕክምናውን ነገር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ እኔ የምጠይቀው ስለ ጽሑፉ ነው። ሃያ ሦስቱን ለምን እንዳዘዙ ቢነግሩኝ?» አልኳቸው። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «እናትየዋ በጣም ፈርታ ነበር። ደሙ አንዴ ከተቀዳ ሁሉንም እንይላት ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያም እኔ ያልጠየቅሁትን ነገሩኝ። የስንዴው ውጤት 0.6 ሆኖ መጣ፤ ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ዳቦ ሲበላ የኖረ ቢሆንም እናትየዋ ቁጥሩን ስታይ ስንዴ ከለከለችው፤ ዳቦውን ለማስመለስ ሌላ ቀጠሮ አስፈለገ።

ይህን ስሰማ ሥራዬን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በደም ውስጥ አይ ጂ ኢ መገኘቱ ሰውነት ያንን ነገር እንደሚያውቀው ያሳያል እንጂ ሰውየው ሲበላው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ያንን የሚወስነው የታካሚው ታሪክ ነው። የአሜሪካ የአለርጂ፣ የአስምና የኢሚዩኖሎጂ አካዳሚ በ2012 ለአባላቱ ካወጣቸው ማሳሰቢያዎች አንዱ፣ አለርጂን ለመለየት ሲባል ያልተረጋገጡ ምርመራዎችን፣ ለምሳሌ አይ ጂ ጂ የተባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል መለካትን፣ ወይም ሳይመርጡ የተደረደሩ የአይ ጂ ኢ ምርመራዎችን አታድርጉ የሚል ነው። እስከ ዛሬ ኢንሹራንሱ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ብቻ የሚከለክለን ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሕፃን ጉዳይ ግን ኢንሹራንሱ የጠየቀን ጥያቄ እኛው ራሳችንን አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ነበር።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ዛሬ የበሽታ ኮዶችን ተመለከትኩ። ከ2015 ኦክቶበር 1 ጀምሮ በዚህ አገር የሚሠራበት አይሲዲ-10 የተባለው የበሽታ ኮዶች ዝርዝር የሐኪሙን አነጋገር በትክክል ከተከተሉት ብዙ ይናገራል፤ እኛ ግን በአብዛኛው የላክነው ጄ30.9 ነው፣ ይኸውም ምክንያቱ ያልተገለጸ የአፍንጫ አለርጂ። ሐኪሙ ማስታወሻቸው ላይ «በየዓመቱ ኦክ ሲያብብ፣ ከኤፕሪል እስከ ሜይ» ብለው ጽፈው ሳለ ትክክለኛው ጄ30.1 ነበር፤ የአበባ ብናኝን በስሙ ይጠራልና። ድመት ወይም ውሻ ከሆነ ጄ30.81፣ በኦቾሎኒ ምክንያት የደረሰ አናፊላክሲስ (ድንገተኛና ከባድ የአለርጂ ምላሽ) ከሆነ ቲ78.01ኤክስኤ ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ማስታወሻው «የወተት አለርጂ እንዳይሆን ይጣራ» በሚልበት ቦታ ቀድሞኝ የነበረው ሠራተኛ የወተት አለርጂን ኮድ አስገብቷል። በተመላላሽ ሕክምና ግን የተጠረጠረ ወይም ይጣራ የተባለ በሽታ እንደተረጋገጠ ተደርጎ አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው ታካሚውን ያመጣው ምልክት ነው፦ ሽፍታው፣ ሲርሲርታው፣ ማስታወኩ። ይህ ደንብ የኮድ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ሕፃን መዝገብ ላይ ያለ ማረጋገጫ «የወተት አለርጂ» ተብሎ የገባ ቃል ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ ሚቀጥለው ሐኪም፣ ወደ ሆስፒታሉ እየተከተለው ይሄዳል።

በክፍያ ቅጹ 21ኛ ሳጥን እስከ 12 የበሽታ ኮዶች ይገባሉ፤ በ24ኛው ሳጥን ኢ ዓምድ ደግሞ እያንዳንዱ የአገልግሎት መስመር ከየትኛው ኮድ ጋር እንደሚያያዝ ይጠቆማል። እኛ ሁሉንም መስመር ከመጀመሪያው ኮድ ጋር ስናያይዝ ቆይተናል፤ በዚህም የተነሳ የሽሪምፕ ምርመራ በአፍንጫ አለርጂ ምክንያት ተጠየቀ። ምግቡንና ብናኙን በሁለት መስመር ከፍለን የላክናቸው አራት ሂሳቦች ደግሞ ሁለተኛው መስመር ድጋሚ ነው ተብሎ በሲኦ-18 ተመልሰዋል። ለዚህ ሁሉም ኢንሹራንስ የሚስማማበት አንድ መፍትሔ የለም። አንዱ ተጨማሪ ምልክት አድርገህ ለይ ይላል፣ ሌላው ብዛቱን ደምረህ በአንድ መስመር አምጣ ይላል። የየኢንሹራንሱን ፍላጎት በአንድ ሠንጠረዥ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ።

ሰኞ፣ ማርች 3

ዛሬ ያገኘሁት ነገር የማይጠበቅ ነበር፣ እንቅልፍም ነሥቶኛል። 86008 የተላኩባቸውን ሂሳቦች ሳይ፣ የእኛ መሣሪያ የተለዩ ፕሮቲኖችን እንደማይመረምር አስታወስኩ። ለምሳሌ አራ ኤች 2 የሚባለው የኦቾሎኒ ፕሮቲን ከከባድ ምላሽ ጋር ሲያያዝ፣ አራ ኤች 8 ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከበርች ዛፍ ብናኝ ጋር ያለ መመሳሰልን ያሳያል፤ ሐኪሙ እነዚህን ለይተው ማየት ሲፈልጉ ደሙን ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ እንልካለን። ላቦራቶሪው ለእኛ ያስከፍለናል፣ እኛም ሂሳቡን ለኢንሹራንስ እንልካለን። የግል ኢንሹራንሶች አንዳንዶቹ ምርመራው በሌላ ላቦራቶሪ መሠራቱን የሚገልጸው 90 የሚል ምልክት ከተጨመረበት ይህን ይፈቅዳሉ። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር ግን አይፈቅድም፤ የላቦራቶሪ ምርመራ የሚከፈለው ለሠራው ላቦራቶሪ ነው፣ የሐኪም ቢሮ ሌላ የሠራውን ገዝቶ ማስከፈል አይችልም።

በሜዲኬር ስም የተከፈሉን እንዲህ ያሉ ሁለት ሂሳቦች አገኘሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን አንድ ክሊኒክ ከሜዲኬር የማይገባው ክፍያ እንደደረሰው ካረጋገጠ በ60 ቀን ውስጥ አሳውቆ መመለስ አለበት፤ ወደ ኋላም እስከ ስድስት ዓመት ይታያል። ወዲያውኑ ለሐኪሙና ለሥራ አስኪያጇ በጽሑፍ አሳወቅሁ። ሥራ አስኪያጇ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ግን «ያየነውን እንዳላየን ልንሆን አንችልም» ብለው የስድስቱን ዓመት መዝገብ እንድመለከት አዘዙኝ። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 12

የስድስት ዓመቱ ፍተሻ ተጠናቀቀ፤ ተጨማሪ ሦስት ሂሳቦች ተገኝተው ገንዘቡ እንዲመለስ ተልኳል። አሁን ወደ ማዘዣ ቅጹ መጣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልተሳካም። 60 የምርመራ ዓይነቶችን ዘርዝሬ ከእያንዳንዱ አጠገብ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አደረግሁ። ሐኪሙ አንድ ቀን ሠሩበትና በማግስቱ ወደ አሮጌው ቅጽ ተመለሱ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ቅጹ ዝርዝሩን አስቀድሞ ያቀርብና ታሪኩን በኋላ ይጠይቃል፣ የሐኪም አእምሮ ግን የሚሄደው ከታሪክ ወደ ምርመራ ነው።

መፍትሔውን ያመጡት ነርሳችን ናቸው። «ታሪኩን እኮ እኔ ነኝ መጀመሪያ የምሰማው፤ ከላይ ጻፉልኝ» አሉኝ። ሁለተኛው ቅጽ በአራት ጥያቄዎች ይጀምራል፦ ምን ነካ ወይም በላ? ምን ሆነ? በስንት ደቂቃ ወይም ሰዓት ውስጥ? ስንት ጊዜ ደረሰበት? ሲስተር ሙቀትና የደም ግፊት ሲለኩ ይህን ይሞላሉ። ሐኪሙ ከእያንዳንዱ ታሪክ ሥር የሚመረመረውን ነገር በእጃቸው ይጽፋሉ። በጅምላ የሚመረጥ ፓነል ከቅጹ ላይ ወጥቷል። ከታች አንድ መስመር አለ፦ የቆዳ ፍተሻ (አለርጂ አምጪውን ነገር በቆዳ ላይ በመሞከር የሚደረግ ምርመራ) ያልተደረገበት ምክንያት። ይህች መስመር ብዙ ሂሳብ የምታድን ናት፤ ብዙ ኢንሹራንሶች በመጀመሪያ የሚጠብቁት የቆዳ ፍተሻን ነውና። ሰፊ ችፌ ያለበት፣ ቆዳው በጭረት ብቻ የሚያብጥ፣ የአለርጂ ማስታገሻውን ማቆም የማይችል፣ ቤታ ብሎከር የተባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ ከሆነ ምክንያቱ መጻፍ አለበት።

ስለ ፊርማም አንድ ነገር ልጨምር። ሜዲኬር በላቦራቶሪ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ፊርማ አያስገድድም፤ ታካሚውን የሚያክሙት ሐኪም ምርመራውን ማዘዛቸው ግን በተፈረመ ማስታወሻ ውስጥ መታየት አለበት። ስለዚህ የቅጹ ይዘት በቀጥታ ወደ ዕለቱ ማስታወሻ እንዲገባ አድርገናል።

ማክሰኞ፣ ማርች 25

የዛፎቹ ብናኝ ወቅት ጀምሯል፤ ክሊኒኩ ሞልቷል። አዲሱ ቅጽ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ጥቅሙንም ዛሬ ባልጠበቅሁት በኩል አየሁት።

አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ መጣች። በልጁ የቀድሞ መዝገብ ሌላ ቦታ በስልክ አስተርጓሚ የተወሰደ ታሪክ አለ፤ «የኢትዮጵያ ምግብ ሲበላ አፉን ያመዋል» ይላል። ሲስተር በአማርኛ ሲጠይቋት ያለችው ግን ሌላ ነበር፦ «ሽሮ ሳበላው አፉን ይበላዋል፣ ወዲያው ከንፈሩ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል።» ይበላዋል ማለት ያሳክከዋል ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ አስተርጓሚው ሕመም አድርጎ አለፈው። ማሳከክና ሽፍታ በደቂቃዎች ውስጥ ከምግብ በኋላ መምጣታቸው ሐኪሙን ወደ አይ ጂ ኢ የሚመራቸው ምልክት ነው፤ «ያመዋል» የሚለው ግን የትም አያደርስም።

ሽሮ ደግሞ አንድ ነገር አይደለም። ሲስተር እናትየዋን ይዘው የሽሮዋን አሠራር አንድ በአንድ ጻፉ፦ ሽምብራ፣ አተር፣ ትንሽ ባቄላ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ። ሐኪሙ አብሽ ላይ ቆሙ። አብሽ ከኦቾሎኒና ከሽምብራ ጋር የአንድ ተክል ቤተሰብ ሲሆን፣ በእነዚህ መካከል የአይ ጂ ኢ መመሳሰል እንዳለ ይታወቃል። ያዘዙት ሽምብራ፣ አተር፣ አብሽና ኦቾሎኒ ብቻ ነው። በአሮጌው ቅጽ ቢሆን 24 ምግብ ይመረመር ነበር፣ ከዚያ ውስጥም አብሽ አይገኝም ነበር።

በማኅበረሰባችን ንግግር ውስጥ የማስታወሻውን ጥራት የሚወስኑ ሌሎች ቃላትም አሉ። «ወተት አይስማማኝም» የሚል ሰው ሆዱን ነፍቶት ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ የወተቱን ስኳር ያለመፍጨት ጉዳይ እንጂ አለርጂ አይደለም፣ በአይ ጂ ኢ ምርመራም አይታይም። ያው ቃል ግን ጉሮሮው ለሚታነቅ ሰውም ያገለግላል። «አለርጂ አለብኝ» የሚለውም እንደዚሁ ከሳይነስ እስከ አስም ድረስ ሁሉን ይሸፍናል። ሲስተር አሁን ቃሉን ተቀብለው አያልፉም፤ «ሲሆንብዎት ምን ይታይብዎታል?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልሱንም እንደተነገረው ይጽፋሉ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ዛሬ አንዲት በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት መጡ፤ ኢንሹራንሳቸው ሜዲኬር ነው። ያለፈው ዓመት የብናኝ ምርመራ ተደርጎላቸዋል፤ ዘንድሮ አፍንጫቸውና ትንፋሻቸው ስለባሰባቸው ሐኪሙ የአምናውን መድገምና ድመትን መጨመር አሰቡ፤ ልጃቸው በቅርቡ ድመት አምጥታለችና። የልብ መድኃኒታቸው ቤታ ብሎከር ስለሆነ የቆዳ ፍተሻ አይደረግላቸውም።

ድጋሚው ምርመራ ላይከፈል ይችላል ብለን ስላመንን፣ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ሜዲኬር ላይከፍል እንደሚችል ለታካሚው አስቀድሞ የሚያሳውቀውን፣ ኤቢኤን የሚባለውን ሲኤምኤስ-አር-131 ቅጽ ማስረዳት ነበረብኝ። ቅጹ ምርመራውን በስሙ፣ ላይከፈል የሚችልበትን ምክንያት፣ የሚገመተውን ዋጋና ሦስት ምርጫዎችን ይይዛል፦ ይደረግልኝ ለሜዲኬርም ይላክ፤ ይደረግልኝ ለሜዲኬር ግን አይላክ፤ አይደረግልኝ። ለሁሉም ታካሚ በጅምላ ማስፈረም አይፈቀድም። በአማርኛ አስረድቼ ትርጉሙን ማን እንዳደረገ በቅጹ ላይ ጻፍሁ።

«እማማ፣ ሜዲኬር ካልከፈለ ይህን እርስዎ ይከፍላሉ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አምና ያያችሁትን ዘንድሮ ድጋሚ ስታዩት ምን ይለወጣል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸውን ለሐኪሙ ወሰድሁ፤ ሐኪሙም የአምናውን ውጤት አውጥተው ተመለከቱና ሕክምናውን የሚለውጥ ነገር እንደሌለው ተናገሩ። እማማ ለድጋሚው ሦስተኛውን ምርጫ መረጡ፤ የተመረመረው ድመት ብቻ ነው። በማዘዣው ላይ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፏል፦ ድመት ከገባ ወዲህ የተባባሰ፣ ከቤት ሲወጡ የሚቀል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

የይግባኝ ሥራ። 25ቱን ሂሳቦች እንደገና ሳያቸው፣ በ11ዱ ላይ ምክንያቱ በማስታወሻው ውስጥ በቂ ሆኖ ተጽፏል፤ የተበላሸው ኮዱ፣ ጥቆማው ወይም ቀኑ ነው። ለእነዚህ የተስተካከለ ሂሳብ ወይም ይግባኝ አዘጋጀሁ። በሜዲኬር የመጀመሪያው ይግባኝ ውሳኔው ከደረሰ በ120 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ የግሎቹ ቀን እንደየውላቸው ይለያያል። በእያንዳንዱ ደብዳቤ የመጀመሪያው አንቀጽ የታካሚው ታሪክ እንዲሆን አደረግሁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ የተመረመረ ነገር ከታሪኩ የትኛው ዓረፍተ ነገር ጋር እንደሚገናኝ ገጹን ጠቅሼ አሳየሁ።

የቀሩት 14 ምክንያት የላቸውም። አንድ ባልደረባዬ፣ ሐኪሙ ስለሚያስታውሱ አሁን ጨምረው ይጻፉበት የሚል ሐሳብ አቀረበ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ተቃወምኩ። በመዝገብ ላይ ዘግይቶ የሚጨመር ነገር የተጨመረበትን ቀንና የጨመረውን ሰው በግልጽ መያዝ አለበት፤ ሂሳብ ከተመለሰ በኋላ ክፍያ ለማግኘት ሲባል የሚጻፍ ምክንያት ግን መዝገቡን ራሱን የማይታመን ያደርገዋል። ፊርማ ብቻ የጎደለው አንድ ማስታወሻ ነበር፤ ለእሱ ሐኪሙ የራሳቸው መሆኑን የሚያረጋግጡበት የተለየ መግለጫ ተፈቅዷልና ያንን አያይዘናል። 14ቱን ክሊኒኩ በኪሳራ ዘጋቸው፤ ወደ ታካሚዎቹ የተላከ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ከ11ዱ ሰባቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍለዋል፣ ሁለቱ በከፊል፣ ሁለቱ በመጠባበቅ ላይ ናቸው። አምስቱ መረጃ የጎደላቸው ሁሉም ተከፍለዋል፤ በሲኦ-18 ከተመለሱት አራት ሦስቱም ተከፍለዋል። በአዲሱ ቅጽ ከተላኩት ሂሳቦች እስካሁን በሲኦ-50 የተመለሰ አንድ ብቻ ነው፤ በእሱም ላይ የቆዳ ፍተሻ ያልተደረገበትን ምክንያት የምትጠይቀው መስመር ባዶ ነበረች።

የምርመራው ብዛት ቀንሷል። ሥራ አስኪያጇ የላቦራቶሪው ገቢ እንዳይወርድ ሥጋት ገብቷቸው ጠየቁኝ፤ ሥጋታቸው ተገቢ ነው። በሜዲኬር ታሪፍ አንድ 86003 ከአሥር ዶላር በታች ስለሚከፈልበት ገቢው የሚመጣው ከብዛት ነው። ያልተከፈሉትን 14 ሂሳቦች የመሣሪያና የኬሚካል ወጪ አስልቼ አሳየኋቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩን አብረን ለማየት ተስማማን።

የሁለት ዓመቱ ልጅ ዛሬ ለክትትል መጥቶ ነበር። ሐኪሙ በማስታወሻቸው ላይ ከአብሽ በስተቀር ሽሮውን በክሊኒኩ ውስጥ በክትትል እንዲቀምስ ቀጠሮ እንደሰጡት ጽፈዋል። እናትየዋ ያለ አብሽ የተፈጨ ሽሮ ይዛ እንድትመጣ ሲስተር ቀጠሮው ወረቀት ጀርባ ላይ በአማርኛ ጽፈውላታል።